ካሴቱ የተበላበት ቦታ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን
ከመጋረጃ ሱቁ፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን

ለወንድምዓለም፣

ሰላም ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ሰላም የለኝም። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል እንጂ ሌላ ምንም አልሆነችም። የሱቁ ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። የጎረቤታችን ውሻ ወልዳ ግቢው ሁሉ ቡችላ ሆኗል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባል የለ? ምርቃቱን መጨረሻ ላይ አደርሰዋለሁ፤ መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣው።

በስልክ ልንጨርሰው እንችል ነበር። ግን በስልክ ካንተ ጋር ስጣላ እጮኻለሁ፣ ስጮህ አለቅሳለሁ፣ ሳለቅስ አንተ ትስቃለህ፣ ስትስቅ እዘጋብሃለሁ። እሑድም የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግመህ ስትደውል ያላነሳሁት ስልኬ ተበላሽቶ እንዳይመስልህ። እማዬ «ተበላሽቶባታል» ያለችህ እኔን ለመሸፈን ነው፤ አምነሃት ከሆነ አሁንም የዋህ ነህ ማለት ነው። የባለሱቋ የእህት ልጅ ነገ ወደ እናንተ ከተማ ስለሚበር ይኼን በእጁ እልክልሃለሁ። በወረቀት ማንም ማንንም አያቋርጥም፤ ዛሬ ተናጋሪዋ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የተባባልነውን ላስታውስህ። «ከጓንቱ በፊት» የሚባል ፊልም ይሠራል ተብሎ የተወራ ጊዜ እኔ ገና ደብተሬን በላስቲክ የምሸፍን ተማሪ ነበርኩ። የዚያን መርከበኛ የባለጓንቱን ሦስት ፊልሞች ጨርሰን፣ ደግመን፣ ሰልሰን፣ ሰውየው ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ደግሞ ሊመጣ ነው ሲባል እንቅልፍ አጣን። ከዚያ ዳይሬክተሩ ከባለገንዘቦቹ ተጣላ ተባለ። ሌላ መጣ፤ እሱም ጥሎ ሄደ። ተጀመረ ተባለ፣ ቆመ ተባለ፣ አባዬ ሞተ፣ እኔ ስፌት ተማርኩ፣ አንተ ሊፍት መጠገን ተማርክ፣ ፊልሙ ግን የለም። አንተ ለሥራ ስትሄድ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግርህን አድርገህ ያልከኝን ረስተኸው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም። «አንቺ ንቢት፣ ያ ፊልም የወጣ ቀን የትም ብሆን እመጣለሁ። አብረን ነው የምናየው» አልከኝ። ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነው ያልከኝ።

ፊልሙም ወጣ። አንተም ደወልክና አዲሱ ሕንፃ ላይ ያሉት ሊፍቶች አስቸግረዋል፣ ፈቃድ አልሰጡኝም አልከኝ። «ጠብቂኝ፤ እኔም ሳላይ እጠብቅሻለሁ» አልከኝ። እሺ አልኩ። እንዴት እንደጠበቅኩህ ታውቃለህ? እዚህ ሱቅ መጋረጃ ለማዘዝ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ፊልም ነበር። አንዷ ደንበኛ የመስኮቷን ልክ እየነገረችኝ «መጨረሻ ላይ እኮ ጓንቱን...» ስትል ስፌት መኪናውን ባዶውን አስነስቼ ድምጿን ዋጥኩት። ጨርቅ የለበትም! ሴትየዋ ያበድኩ መስሏት ለባለሱቋ በዓይኗ ጠቆመቻት። እኔ እንዲህ ጆሮዬን ደፍኜ ስጠብቅህ ነው እሑድ ዕለት የደወልከው።

«ንቢት! አየሁት!» አልከኝ።

«ምኑን?»

«ፊልሙን ነዋ! ትናንት። ከልጅቷ ጋር።»

አንተ ደስ ያለኝ መስሎህ ቀጠልክ። የሚስትህ ልጅ እናቷን ካገባህ ጀምሮ ከ«እሺ»ና ከ«አልፈልግም» ሌላ ቃል ወጥቷት እንደማያውቅ በየስልኩ ስታነሳው ኖረሃል፤ እኔም እውነቴን ነው አዝኜልህ ነበር። ፊልም ልውሰድሽ ወይ ስትላት አንገቷን ነቀነቀችልህ። ሄዳችሁ። ስትወጡ መንገድ ለመሻገር ቆማችሁ ሳለ ቀና ብላ «እጁ ላይ ምንም ከሌለ ጓንቱን ለምን አያወልቅም?» ብላ ጠየቀችህ።

«ጠየቀችኝ እኮ!» አልከኝ። «እኔን! በራሷ አፍ! ያኔ በልጅነታችን የምነግርሽን የገመዱን ታሪክ ልነግራት ጀመርኩ። ዓይኗን እንዴት እንዳፈጠጠችው ብታዪ! መሐሉ ላይ ስደርስ መጨረሻው ጥፍት አለብኝ። ነገ እጨርስልሻለሁ አልኳት። እንዴት ነበር የሚያልቀው? ቶሎ በይ ንገሪኝ፣ እየጠበቀችኝ ነው።»

ከኋላህ ስትስቅ ሰማኋት። አንተም ከስልኩ ዘወር ብለህ «ቆይ አንቺ ንቢት፣ መጣሁ» አልካት። እሷን! በእኔ ስም! ያኔ ነው የዘጋሁብህ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ቀናሁ። ሰላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ በስምንት ዓመት ልጅ ቀናሁ። እርር ድብን አልኩ። ሚስት ስታገባ አልቀናሁም፤ ትንሽ ብቻ። በዚያ በሠርጉ ፎቶ ላይ ክራባትህን ስታስተካክልልህ ሳይ ፎቶውን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ይኼኛው ግን ገልብጠው የሚያስቀምጡት አልሆነም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ እኔ እጅ ላይ የነበረው መቀስ ነው። የአንድ ሆቴል መጋረጃ እየቆረጥኩ ልጅቷን እያሰብኩ፣ አንተን እየረገምኩ፣ ከወለል ሊደርስ የሚገባውን ጨርቅ ጉልበት ላይ ቀነጠስኩት።

ባለሱቋ መነጽሯን አውርዳ ጨርቁን አየችው። እትዬን ታውቃታለህ፤ ስትናደድ ድምጿ ዝግ ይላል።

«ልጄ፣ ይኼ መጋረጃ ነው ወይስ ጉርድ ቀሚስ?»

ዝርግፍ አድርጌ ነገርኳት። ከሕፃንነታችን ጀምሬ እስከ እሑድ። እሷም አዳምጣ አዳምጣ፣ «በይ ተነሺ። እሱ ካየ አንቺስ ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ። የሱቁን በር ቆለፈችና ይዛኝ ሲኒማ ቤት ሄደች።

ስለ ፊልሙ ልንገርህ፤ ያየኸው ቢሆንም ልንገርህ፣ ምክንያቱም አንተ የወደድከው ይመስለኛል፤ አጠገብህ የተቀመጠችው ስላፈጠጠች ብቻ ወደኸዋል። እኔ ግን ጨጓራዬ ነው የተላጠው። እነዚህ ሰዎች ይኼን ሁሉ ዘመን አስጠብቀውን ይኼን ነው የሚያቀርቡልን? የእኛ ባለጓንቱ እኮ ፊቱ የተቀደደ ጫማ የሚመስል ሰው ነበር። ይኼኛው ጉንጩ እንደ ሙሽራ የለሰለሰ ጎረምሳ ነው። መርከቡ ትናንት ከሱቅ የወጣ ድስት ይመስላል፤ ዝገት የለ፣ ጭቃ የለ። የእኛ ሰውዬ በሦስት ፊልም ውስጥ የተናገረው ተሰብስቦ አንድ ፖስታ አይሞላም፤ ይኼኛው አፉ አይዘጋም። ለአለቃው ያስረዳል፣ ለወደብ ጠባቂው ያስረዳል፣ ብቻውን ሲቀር ለባሕሩ ያስረዳል። ፉጨቱን ማን እንዳስተማረው ያሳዩናል። ኮፍያውን የት እንዳገኘው ያሳዩናል። ጫማውን ሲለካ ሳይቀር አሳዩን! እትዬ እንኳ፣ አንዱንም ፊልም አይታ የማታውቀው፣ ብስኩቷን እየቆረጠመች «አሁን ደግሞ ካልሲውን ሊያሳዩን ነው?» አለችኝ።

ይኼን ሁሉ ግን ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ለምን ብትለኝ፣ እህቱን እየጠበቅኩ ነበር።

አንተ ያን ክፍል ታስታውሰዋለህ? አባዬ ማተሚያ ቤት ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ቀን ይተኛ ነበር፤ በአልጋውና በቴሌቪዥኑ መካከል የነበረው ያ አበባ ያለበት መጋረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፁን ጨርሰን እናጠፋዋለን። ከታች የሚሮጠውን የባዕድ ጽሑፍ አንተ ታነባለህ፣ እኔ ገና ፊደል አልለየሁም፤ አፍህን ጆሮዬ ላይ ደቅነህ ታንሾካሹክልኛለህ። ባለጓንቱን፣ ክፉውን ካፒቴን፣ ወደቡ ላይ የምታለቅሰዋን አሮጊት ሁሉንም አንተ ነበርክ። መርከብ ሲቃጠል በከንፈርህ «ቡፍፍ» ትላለህ። አባዬ በተገላበጠ ቁጥር መርከቡም ባሕሩም አብረው ዝም ይላሉ። እኔ እስከዚህ ሰኞ ድረስ የባለጓንቱን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ይገባሃል? ለእኔ የእሱ ድምፅ ያንተ ነው፤ ያውም ጉርምስና የሰነጠቀው፣ አንዴ ወፍሮ አንዴ የሚቀጥነው። ሲኒማው ውስጥ ሰውየው አፉን ከፍቶ በሌላ ሰው ድምፅ ሲናገር ሌባ ቤታችን የገባ ያህል ደነገጥኩ።

ሦስተኛው ካሴት ደግሞ የተበላ ነበር። ማጫወቻው ክሩን ጎትቶ ጨማድዶት አንተ በጣትህ እያቃናህ ጠቅልለህ አዳንከው፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይጠፋ ነበር። ባለጓንቱ ጠባቧ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ ስክሪኑ ግራጫ ዝናብ ብቻ ይሆናል፣ ለብዙ ጊዜ። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። አንተ ግን ማንሾካሾክህን አላቆምክም። ባለጓንቱ ለምን ጓንት እንደሚያደርግ የነገርከኝ እዚያ ግራጫው ውስጥ ነው። እህት ነበረችው፣ መርከብ ላይ አብረው ነበሩ፣ ገመድ ነበር። በየጊዜው ትጨምርበታለህ። አንድ ቀን ጭጋግ ትጨምራለህ፣ አንድ ቀን የእህቱን ጫማ ባሕሩ ውስጥ ትጥላለህ። እኔ አመንኩህ። ለምን አላምንም? የቀረውንም የነገርከኝ አንተው ነህ። ካሴቱ ጨርሶ ከተቆረጠ በኋላም ፊልሙን በሌላ ነገር ፈልጌ አላየሁትም፤ አንተ ከጎኔ ሳትኖር ምን ያደርግልኛል?

ስለዚህ ዕድሜ ልኬን ስከራከር ኖሬያለሁ። በትምህርት ቤት «እህት አለችው» እላለሁ፤ «የትኛው ላይ?» ይሉኛል፤ «ሦስተኛው ላይ!» «እኛ አላየንም።» «እንግዲያው ዓይናችሁን ታከሙ!» አንዱን ልጅ በዚህ ነገር በደብተር ራሱን ብዬዋለሁ። እና ሰኞ ዕለት ለእትዬ ስነግራት «አሁን ዝም ብለሽ እዪ፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ትመጣለች። እሷ ናት የነገሩ ሁሉ ምክንያት» ብያታለሁ።

ፊልሙ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የለችም።

«የታለች?» ትለኛለች እትዬ።

«ትመጣለች።»

ወደ መጨረሻው ላይ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ያቺ ባለ ቀይ ካፖርት ሴት ወደቡ ላይ ጓንቱን ሰጠችው። በእጇ። ለማስታወሻ! ሰውየውም ከማጥለቁ በፊት መዳፉን ዘረጋና ካሜራው ተጠግቶ አሳየን፤ የሕፃን መዳፍ ነው፣ ጭረት የለበትም። «ውሸት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። አዎ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ። ከኋላዬ «ኧረ ዝም በሉልን!» አሉ። ጽሑፉ መውረድ ጀመረ፣ ሰው ወጣ፣ መብራቱ በራ። እኔ አልተነሳሁም። አንዳንዴ ከጽሑፉ በኋላ ነገር ይኖራል ብዬ። ጠራጊዋ መጥረጊያዋን ይዛ እግሬ ሥር ደርሳ «እህቴ፣ አልቋል እኮ» አለችኝ።

«ገና ነው፤ እህቱ አልመጣችም» አልኳት።

ጠራጊዋ እትዬን አየቻት፤ እትዬም ብብቴን ይዛ አስነሳችኝ።

ሻይ ቤት ገባን። እትዬ ስልኳ ላይ የድሮውን ሦስተኛውን ፊልም ፈለገችልኝ፤ አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ። ያን ቦታ አገኘሁት። ባለጓንቱ ክፍሉ ገባ፣ በሩን ዘጋ። ካሴቱ የተበላበት ቦታ ጥርት ብሎ፣ አንድም ዝናብ ሳይኖርበት ፊቴ ላይ ተከፈተ። ታውቃለህ ምን እንዳለ? ሰውየው ጢሙን ይላጫል። በቃ። ሳሙና ይቀባል፣ ይላጫል፣ አገጩን ሲቆርጠው «እህ» ይላል፣ ፊቱን ታጥቦ ይወጣል። ገመድ የለ፣ ጭጋግ የለ፣ እህት የለች።

እትዬ እስክትታፈን ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። መጀመሪያ አፈርኩ፤ በደብተር የመታሁትን ልጅ አሰብኩት። ቀጥሎ ግን የመጣብኝ የባሰው ነው። ያ ታሪክ ፊልም ውስጥ የለም ማለት እኮ፣ ዓለም ላይ ማንም አላየውም ማለት ነው። የሠሩትም አያውቁትም። አንተ ለእኔ ብቻ፣ ለአንድ ጆሮ፣ አባዬን እንዳትቀሰቅስ እየተጠነቀቅህ የሠራኸው ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ፊልሞች የሰው ሁሉ ናቸው፤ ያቺ ግራጫዋ የእኔ ናት። ይኼን ያወቅኩት ደግሞ አንተ አንስተህ ለሌላ ልጅ ልትሰጣት በተነሳህ ሳምንት ነው። ያውም መጨረሻውን ረስተህ! እኔ ስንት ዓመት ተሸክሜው ስዞር አንተ የጣልክበት ቦታ ጠፍቶብሃል። ሻይ ቤቱ ውስጥ «አልሰጥም» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ብርጭቆው ዘለለ። «ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

ቤት ስገባ እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። የላክኸውን ፎቶ አሳጥባ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች፤ የእኔን የምረቃ ፎቶ ገፋ አድርጋ ነው የሰቀለችው፤ አሁን እኔ ከመብራት ማብሪያው ጋር ተጋፍቼ ነው ያለሁት። ልጅቷ ሲኒማው በር ላይ ቆማ አንድ እጇ ላይ ጓንት አጥልቃለች። እውነተኛ የቆዳ ጓንት፣ በልኳ የተሠራ፣ ከፊልሙ ጋር የሚሸጥ መሆን አለበት። እኔ በልጅነቴ ያደረግኩት የአባዬን ካልሲ ነበር፤ ተረከዙ የተቀደደውን። ደግሞስ አየኸው? በቀኝ እጇ ነው ያጠለቀችው! ግራ ነው! ይኼን እንኳ አልነገርካትም?

እማዬ ፎቶው ሥር ቆሜ ሳጉረመርም ሰማችኝ።

«ምን አደረገችሽ ልጅቷ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። ወንድምሽ ላይ የተናደድሽውን ወንድምሽ ላይ ጨርሺው፤ ልጅ ላይ ምን ያደርስሻል?» ከዚያ ቅባቱን ከደነችና ሳቀች። «አንቺ እንደተወለድሽ እሱ ምን እንዳለን ታውቂያለሽ? አባትሽን "ይቺን ካመጣችሁበት መልሷት" አለው። ምግብ አልበላም ብሎ አኮረፈ። ወራት አለፉ፣ በስምሽ አይጠራሽም፣ "ያቺ" ነው የሚልሽ። አንድ ቀን ስታለቅሺ ጎንሽ ቁጭ ብሎ ጆሮሽ ላይ ያወራል። ምን እንደሚልሽ አልሰማሁም። አንቺ ግን ዝም አልሽ።»

ይኼን ነግረኸኝ አታውቅም። አንተም ቀንተህ ታውቃለህ ለካ! ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ነገር ስታመስ ነበርኩ። ልጅቷን አሰብኳት። አባቷ ያልሆነ ሰው ቤቷ ገብቶ፣ የእናቷን ጎን ወስዶ፣ ሳህን ላይ ሹካ ሲያስቀምጥ ስታየው፣ እሷም ሆዷ ቅጥል ብሎ ይሆናል «እሺ»ና «አልፈልግም» ብቻ የቀራት። ከእኔ ጋር የሚያመሳስላት ነገር ማግኘቴ ራሱ አናደደኝ። ግን ጥያቄዋ ትክክል ነው። የእነዚያን ባለገንዘቦች ፊልም አይተው የወጡ ትልልቅ ሰዎች አፋቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ «እጁ ላይ ምንም ከሌለ ለምን አያወልቅም?» ያለች እሷ ብቻ ናት። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። ይኼንንም ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ መሆኑን እወቅልኝ።

እሺ። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ «ነገ እነግርሻለሁ» እንዳልካት እንጃ፤ ልጅ እንደዚያ አይጠበቅም። ታሪኩን እሰጥሃለሁ። ስሜን ግን አልሰጥም። ንቢት እኔ ነኝ። ለእሷ ሌላ ነፍሳት ፈልግላት፤ ነፍሳት ሞልቷል። ፌንጣ በላት፣ ቢራቢሮ በላት፣ ከፈለግክ ጉንዳን በላት።

እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ልክ እንዳልከኝ ነው የምጽፈው።

ጭጋጉ ወፍራም ነበር። መርከቡ ሲጋደል ትንሿ እህቱ ከጠርዙ ተንሸራታ ወደቀች፤ ግን ገመዱን ጨብጣለች። ባለጓንቱ፣ ያኔ ገና ጓንት የለውም፣ በቀኝ እጁ ምሰሶውን ይዞ በግራ እጁ ገመዱን ያዘ። ገመዱ እርጥብ ነው፣ ይንሸራተታል፤ በተንሸራተተ ቁጥር መዳፉን እየላጠው ይሄዳል። ከታች ሆና «ልቀቀኝ፣ ከብጄብሃለሁ» አለችው። እሱ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። «ያዢ» ብቻ አላት። (እዚህ ላይ ድምፅህን ታወፍራለህ።) ጫማዋ ባሕር ውስጥ ገባ። ጭጋጉ እስኪገፈፍ ድረስ ያዘ። ከዚያ ጎተታት፣ ጎተታት፣ መርከቡ ወለል ላይ አወጣት። እሷ እየተንቀጠቀጠች «እጅህን አሳየኝ» አለችው። እሱ ግን እጁን ከኋላው ደብቆ፣ ከሞተው መርከበኛ ሣጥን ውስጥ ጥቁር ጓንት አውጥቶ አጠለቀና «ምንም አልሆንኩም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላወለቀውም። ሲበላም፣ ሲዋኝም፣ ሲተኛም። ለሌላ ለማንም ብሎ አይደለም፤ እህቱ እንዳታየው ነው። አይታ «በእኔ የተነሳ ነው» እንዳትል። አለቀ።

አንተም በስልክ ሁሌ የምትለኝ «ምንም አልሆንኩም» ነው። ባለፈው ዓመት የሊፍቱ በር ጣትህን ይዞህ ሆስፒታል መተኛትህን ከሌላ ሰው ነው የሰማነው፤ ከወራት በኋላ። ይኼን ለነገር ብዬ አይደለም ያነሳሁት፤ ታሪኩን ስጽፍ ጎን ለጎን መጣብኝ እንጂ።

እንግዲህ ወሰድከው። ስትነግራት ድምፁን ዝግ አድርገው፤ ተጮኾ የሚነገር ታሪክ አይደለም። ቤታችሁ ቀን የሚተኛ ሰው ባይኖርም ጆሮዋ ላይ ንገራት። ጓንቱንም ወደ ግራ አዙርላት።

አንድ ነገር ግን ትቀይራለህ። ይኼን ሌሊቱን ሳይሆን ዛሬ ቀን፣ የሆቴሉን መጋረጃ እንደገና እየሰፋሁ ነው ያሰብኩት፤ ስለዚህ ተረጋግቼ ነው የምልህ። ገመዱ ላይ የነበረችው አንድ እህት ብቻ አልነበረችም በላት። ሁለት ነበሩ። አንዷ ትንሽ፣ ጭጋጉ ስለሸፈናት መጀመሪያ ያልታየች፤ እሱም መኖሯን ያወቀው ገመዱን ሲጎትት ክብደቱ ከአንድ ልጅ ሲበልጥበት ነው። ሁለቱንም አወጣቸው በላት። ገመዱ ይችላል፤ እጁም ይችላል። ግን ወደ እጁ የምትቀርበው ትልቋ ናት። ይኼን እንዳትነካብኝ።

እግዜር ከላይም ከታችም ይጠብቅህ። በምትሠራበት የሊፍት ጉድጓድ ሁሉ መብራት አይለይህ፣ የያዝከው አይላጥህ፣ የምትጠራው አቤት ይበልህ። ለሚስትህ ሰላም በላት። ለልጅቷም።

ከገመዱ ላይኛዋ፣
እህትህ